የአያቴ ድምፅ በሰከንድ 18 ፍሬም

የመገናኛ በዓሉ አዘጋጆች «የቆየ ፎቶግራፍ፣ ካሴት ወይም ፊልም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ወደ ቪዲዮ እናስገለብጠዋለን» ብለው መልእክት ሲልኩ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ፈራሁ። ደስ ያለኝ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፈራሁበትን ለመናገር ግን የቤተሰቤን ታሪክ ማንሳት ሊኖርብኝ ነው። ሐኪም ስለ ፊልም ምን አገባት ትሉ ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ለምን እንዳገባኝ ታያላችሁ።

አባቴ ጤና መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካፈራቸው ልጆች አንዱ ነው። ያገባው በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ነው፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ዘውዱ ሊወርድ አምስት ወር ሲቀረው። አሜሪካ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሙ ለሰርጉ ሲመጣ አንድ ጥቁር ካሜራ ይዞ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «ፎቶ አንሺ» አለው እንጂ ካሜራው ድምፅም እንደሚቀዳ የገባው ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ሰዎቹ በፊልሙ ውስጥ እንዲያ በነጻነት የሚያወሩት።

ካሜራው ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ቤተሰብ በራሱ እጅ ፊልም ማንሳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 ኮዳክ የ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት የሲኒማ ፊልም የሚሠራው በቀላሉ እሳት ከሚይዝ ናይትሬት ስለነበር ማንም ደፍሮ ሳሎኑ ውስጥ አያስቀምጠውም። አዲሱ ግን ከአሴቴት የተሠራ «የማይነድ» ፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ዋጋው ቀለል ያለው 8 ሚሊ ሜትር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሱፐር 8 ተከተለ፤ ይኼኛው ፊልሙ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ የሚመጣ፣ ካሜራው ሆድ ውስጥ ከትቶ ቁልፍ መጫን ብቻ የሚጠይቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ዲዳ ነበሩ። ፌርቻይልድ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ድምፅ የሚቀዳ 8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቢያወጣም ብዙ ቤት አልገባም። ድምፅ በእርግጥ ወደ ተራው ቤተሰብ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ኮዳክ ኤክታሳውንድ የተባሉትን የሱፐር 8 ካሜራዎች ሲያወጣ ነው። አጎቴ የገዛው ከእነዚህ አንዱን ነበር፤ ገበያ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ ጎንደር ደረሰ ማለት ነው።

አሠራሩን ትንሽ ላብራራ፤ በኋላ የሚያስፈልገን ነውና። አንዱ ካርትሪጅ 50 ጫማ ፊልም ይይዛል፣ 15 ሜትር ገደማ። በዚህ ላይ 3,600 ፍሬም፣ ማለትም 3,600 ትንንሽ ሥዕል አለ። በፊልሙ ጠርዝ ላይ፣ ከቀዳዳዎቹ ተቃራኒ በኩል፣ እንደ ካሴት ክር ያለ ቡናማ የማግኔት መስመር ተቀብቷል፤ ድምፁ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ካሜራው የሚሠራው በሰከንድ 18 ፍሬም ነው። ስለዚህ አንዱ ካርትሪጅ 200 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሥዕሉ በሌንሱ ፊት ሲያልፍ ቆም፣ ቀጠል፣ ቆም እያለ ነው፤ ካልቆመ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ድምፅ ደግሞ እንዲህ እየተንገጫገጨ ቢያልፍ ምንም አይሰማም፤ ወጥ ሆኖ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ የድምፁ ማንበቢያ ከሌንሱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የአንድ ሥዕል ድምፅ የሚገኘው ከሥዕሉ ጎን ሳይሆን 18 ፍሬም ቀድሞ ነው። በካሜራው ፍጥነት ስናሰላው ልክ አንድ ሰከንድ ይሆናል።

አጎቴ አራት ካርትሪጅ ቀርጾ ይዞት ተመለሰ። እዚያው አሳጠበው፣ አንዱን ቦታ ላይ በመቀስ ቆርጦ ቀጠለው፣ በቆርቆሮ ከተተው። እኛ ዘንድ ፕሮጀክተር የለም። ቀጥሎ የመጡትን ዓመታት ደግሞ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የሰርግ ፊልም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ በ1969 አረፈች። አባቴ ያኔ ሩቅ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ስለነበር ለቀብሯ እንኳ አልደረሰም። እኔ የተወለድኩት ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው።

በ1979 አካባቢ አጎቴ ፊልሙን እዚያው አሜሪካ ወደ ቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት አስገልብጦ በሰው ላከልን። ዴክ ያለው ጎረቤት ቤት ሄድን። እኔ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማስታውሰው ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ መምጣቱን፣ ቴሌቪዥኑ ግን ቀለም አልባ ሆኖ ሥዕሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ ማስቸገሩን ነው። ጎረቤታችን ዴኩን በጥፊ መታው። ጥፋቱ የዴኩ አልነበረም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባለውን ሥርዓት ይከተላል፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 60 ግማሽ ሥዕል። የእኛ ደግሞ ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 50። ካሴቱን በደንብ ያየነው ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ አንድ ቪዲዮ ቤት ወደ ፓል ሲቀይርልን ነው።

እናም አያቴን አየኋት። ከማድ ቤት ድስት ተሸክማ ትወጣለች፣ ዳሱ ውስጥ ታስረክብና በርጩማ ላይ ዘፍ ትላለች። ካሜራውን አይታ «ምኑን ታየዋለህ፣ ይልቅ ግባና ብላ» ትለዋለች ልጇን። ድምፅዋ ቀጭን፣ የልጅ የሚመስል ነው። አክስቶቼ «እንዲህ ነበረች እንዴ?» ተባባሉ፤ ከዚያ ለመዱት። እኛ የልጅ ልጆቹማ ሌላ አናውቅም። ስታወራ እየተቻኮለች የምታወራ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት አያት አድርገን ያዝናት። እየቀለድንም እናስመስላታለን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ1994 የክሊኒክ ትምህርት የጀመርኩ ሰሞን ነው። ያ ጊዜ ትዝ ይላችሁ የለ? ስቴቶስኮፕ አንገታችን ላይ ከዋለ ገና ወሩ ሳይሞላ በታክሲ የተሳፈረውን ሰው ሁሉ የምንመረምርበት። ለዕረፍት ቤት ገብቼ ካሴቱን ከፈትን። አያቴ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ትከሻዋ በነጠላዋ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል አየሁና ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። በ30 ሰከንድ 12 ጊዜ። በደቂቃ 24። ዐረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አባዬ፣ እማማ እኮ ያኔ ታማ ነበር! ልቧ ነው። እንዴት ሳታዩት?» አልኩት። እንዴት ሳታየው ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። ጤና መኮንን የነበረው እሱ ነዋ። አባቴ ተነስቶ ዴኩን አጠፋው። «አላየሁም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሴቱ በቤታችን አልተከፈተም፤ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሆን ቃል አላገኘሁም፤ ምርመራዬ ትክክል መስሎኝ ነበራ።

በ2014 የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ያለውን ቤታቸውን ስታጸዳ ቆርቆሮዎቹን አገኘቻቸው። ስልክ ደውላ «ስከፍተው አቼቶ አቼቶ ሸተተኝ፣ ምን ፈስሶበት ይሆን?» አለችኝ። የፈሰሰበት ነገር የለም። አሴቴት ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየተበላሸ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ አቼቶ ማለት ይኸው ነው። አሲዱ ራሱ ደግሞ ብልሽቱን ያፋጥነዋል። በማግኔት መስመሩ ውስጥ ያለው ብረትም ነገሩን ያባብሳል፤ ስለዚህ ባለድምፁ ፊልም ከዲዳው ይልቅ ይጎዳል። ከአንዱ ጥቅል የወጣው ተን አጠገቡ ያለውን ጥቅል ይይዘዋል፤ እኛ ክፍል ለይተን እንደምናስተኛው በሽተኛ ማለት ነው። ቆርቆሮዎቹን እንድትለያያቸው፣ ክዳናቸውን ገርበብ እንድታደርግና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እንድታስቀምጥ ነገርኳት።

ከዚያ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ «ስንት ጥቅል ነው? ላዩ ላይ ምን ይላል?» አራት ጥቅል፣ እያንዳንዱ 50 ጫማ አለችኝ። ሳይቆረጡ የቀሩት ሦስቱ ሙሉ ናቸው። ካሴቱ በኋላ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ስለነበር ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ለካሁት። የመጀመሪያው ጥቅል 3 ደቂቃ፤ ሁለተኛው 3 ደቂቃ፤ ሦስተኛው 3 ደቂቃ። በያንዳንዳቸው ላይ 20 ሰከንድ የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት ጥቂት ማንበብ ብቻ ነው የወሰደብኝ። በዚያ ዘመን ፊልም ወደ ቪዲዮ የሚገለበጠው ፕሮጀክተር እያጫወቱ በቪዲዮ ካሜራ በመቅረጽ ነበር። ፕሮጀክተሩ ውስጥ ብርሃኑን በየፍሬሙ ሦስት ጊዜ የሚከልል ክንፍ አለ። 18 ፍሬም በሦስት ሲባዛ በሰከንድ 54 ብልጭታ ይሰጣል። የአሜሪካ ቪዲዮ ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚያየው። 54 እና 60 አይገጥሙም፤ በልዩነቱ ልክ ሥዕሉ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን ያሳምማል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ፕሮጀክተሩን ወደ 20 ፍሬም ማፍጠን። ሃያ በሦስት 60፤ መርገብገቡ ጠፋ። ዲዳ ፊልም ቢሆን ኖሮ ሰዉ ትንሽ ፈጠን ብሎ ከመራመዱ በቀር ማንም አያውቅም። ባለድምፅ ሲሆን ግን ድምፁም አብሮ ይፈጥናል፣ በ11 በመቶ ይቀጥናል። ክራር የሚቃኝ ሰው ወዲያው ይሰማዋል። በአውሮፓ ወይም እዚሁ እኛ ዘንድ ቢገለበጥ ደግሞ ለ50 እንዲገጥም ፕሮጀክተሩ ወደ 16 ከሁለት ሦስተኛ ፍሬም ስለሚዘገይ ድምፁ በ7 በመቶ ይጎረንናል። ያው አያቴ አሜሪካ ልጃገረድ፣ አውሮፓ ሽማግሌ ልትሆን ነው!

የፊልም ፍጥነት እንዲህ ቀልድ እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ ያስተማረው አንድ የቤተሰብ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ የዳላስ ልብስ አምራች ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራው ቀረጸ፤ ድምፅ የሌለው፣ 26 ሰከንድ ገደማ የሚሆን ፊልም። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ ካሜራውን ራሱን ወስደው ፍጥነቱን መለካት ነበር። በአማካይ በሰከንድ 18.3 ፍሬም ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሰዓት ሆኖ አገለገለ፤ በአንዱ ጥይትና በሌላው መካከል ያለውን ጊዜ የቆጠሩት በፍሬም ነው። የአያቴን ትንፋሽ ስቆጥር እኔ የተጠቀምኩበት ሰዓት የሚፈጥን ሰዓት ነበር።

ሒሳቡን ሠራሁት። በካሴቱ 30 ሰከንድ የታየው በእውነተኛው ጊዜ ከ33 ሰከንድ በላይ ነው። 12 ትንፋሽ በ33 ሰከንድ፤ በደቂቃ ከ22 በታች። ያውም በግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ በሁለት ያባዛሁት ነው፤ ዛሬ ተማሪዎቼን «ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ» እያልኩ የምቆጣበትን ነገር። ትልቅ ድስት ተሸክማ ግቢ ያቋረጠች ሴት በደቂቃ 22 ብትተነፍስ ምን ይገርማል? ታማ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ከዚያ ፊልም ላይ ያንን ማለት አልችልም ነበር፤ አልኩት ግን።

ፊልሙን የአጎቴ ልጅ እዚያው ለሚሠራ ሰው ሰጠችው። የዛሬው ስካነር እንደ ድሮው አያርገበግብም፤ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው በትንሽ አምፖል ብርሃን ፎቶ ያነሳዋል። የማግኔት መስመሩ በተለየ ማንበቢያ ይነበባል፣ ሥዕሉና ድምፁ ኮምፒውተር ላይ ይገጣጠማሉ። ጥንቃቄው ብዙ ነው፤ የቆየ መስመር እንደ ዝገት ዱቄት ይረግፋልና መጀመሪያ ይጸዳል፣ የተሸበሸበው ፊልም በጥርስ ሳይጎተት ይሄዳል። ሠሪው «በስንት ፍሬም ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀን። «በአሥራ ስምንት» አልነው። «ለቴሌቪዥን እንዲመች» የሚለውን ማባበያ ተውነው። ቀለሙ ኮዳክሮም ስለነበር ትናንት የታጠበ ይመስላል። ይኼ ፊልም ዛሬ ቢገኝ እንኳ የሚያጥበው የለም፤ ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ በምትባል ከተማ የነበረው የመጨረሻው ማጠቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ኮዳክሮም መቀበል አቁሟል። ኮዳክም ባለድምፅ ሱፐር 8 ማምረት ካቆመ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ፊልም ይዛችሁ የምትመጡ ጓደኞቼን የምለምነው ይኼን ነው፦ ገልባጩ ሥራውን ሲያስረክብ የአንዱን ሙሉ ጥቅል ርዝመት ለኩ። ባለድምፅ ሱፐር 8 በ18 ፍሬም የተቀረጸ ከሆነ 3 ደቂቃ ከ20፣ በ24 ከሆነ 2 ደቂቃ ተኩል መሆን አለበት። ካልሆነ መልሱለት። ዲዳ መስሎ የሚታየውንም ጠርዙን ገልብጣችሁ እዩ፤ ቡናማ መስመር ካለው ድምፅ ሊኖረው ይችላል፣ ርካሽ ገልባጭ ደግሞ ሥዕሉን ብቻ ወስዶ ዝም ይላል። ዋናውን ፊልም ደግሞ፣ አደራ፣ «ተገለበጠ እኮ» ብላችሁ አትጣሉት። የእኛ ሰው የመጀመሪያውን ፊልም ባይጠብቀው ኖሮ ስህተቱን የምናርምበት ምንም አልነበረንም።

አዲሱን ቅጂ ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ጆሮው ግን ጤነኛ ነው። እናቴ ቡና ታቀራርባለች። መጀመሪያ የመጣው አጎቴ የቆረጠው ቦታ ነው። የአንድ ሥዕል ድምፅ በ18 ፍሬም ቀድሞ ስለሚቀመጥ ፊልም ሲቆረጥ የተጣለው ሥዕል ድምፅ በቀረው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሥዕል ላይ ለአንድ ሰከንድ ይሰማል። እዚያ ቦታ ላይ የምናየው ባዶ ዳስ ነው፤ የሚሰማው ግን የወንድ ሳቅ። በካሴቱ ቀጭን ጩኸት ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። አባቴ ግን ቀና አለ። የአንድ የኮሌጅ ጓደኛውን ስም ጠራ፤ ሚዜው ነበር። በ1970 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ካሜራው ስለተንቀጠቀጠ ነው አጎቴ ያንን ቦታ የቆረጠው፤ ከሚዜው የቀረን ይኼ አንድ ሰከንድ ነው።

ቀጥሎ አያቴ መጣች። ድስቱን አስረከበች፣ ተቀመጠች፣ «ምኑን ታየዋለህ» አለች። ድምፅዋ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ነው። ቸኩላ አታወራም፤ በቃላቱ መካከል የማረፍ ልማድ ኖሯት ነው እንጂ ትንፋሽ አጥሯት አይመስልም። እናቴ የቡናውን ስኒ እንደያዘች ቆመች። አባቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ «እሷ ናት» አለ።

ያኔ ስለ 20 እና 18 ነገርኩት። ቁጥሬ ስህተት እንደነበር፣ በደቂቃ 24 ሳይሆን ከ22 በታች እንደሆነ፣ ያም ቢሆን ምንም እንደማይናገር፣ ያን ቀን እንዲያ ማለት እንዳልነበረብኝ። ሃያ ዓመት የዘገየ ይቅርታ በሒሳብ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚያስቅ ታውቁታላችሁ። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ሰርግ ነበር እኮ ልጄ፤ ማን ሳያለከልክ ዋለ?» አለኝ። ከዚያ ሳቁ ያለበትን ቦታ እንድመልስለት ጠየቀኝ።